የአሞራ ትርኢት በሁዳዴ

ፊልጶስ ደውሎ «ቅዳሜ የአሞራ ትርኢት አለኝ፤ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ» ሲለኝ ጾም መግባቱን የረሳ መስሎኝ ነበር።

«በሁዳዴ?» አልሁት።

«አዎ፣ በሁዳዴ።»

«አጥንቱን ከየት ልታመጣ?»

«ጾሙ የሰው ነው እንጂ የአሞራ አይደለም። እሱን ለእኔ ተይልኝ» ብሎ ሳቀ።

ለፊልጶስ የሚተውለት ነገር እንደሌለ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ። አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። የሰው ብስክሌት ተውሶ ጎማውን ሳያፈነዳ መልሶ አያውቅም፤ ሲጠየቅም «መጀመሪያውንም ደህና አልነበረም» ይላል። አሁን አድጎ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት አፋፍ ላይ ሎጅ ሠርቷል። ጸባዩ ግን ያው የብስክሌቱ ጸባይ ነው።

የሎጁ መታወቂያ የአሞራ ትርኢቱ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ በጣውላ የተሠራ መድረክ አለ። አያ ወንዴ የሚባል የጭልጋ ሰው፣ የሎጁ ሠራተኛ፣ ከመድረኩ ሥር ወጣ ያለ ቋጥኝ ላይ አጥንት ይጥላል። አሞሮቹ ከገደሉ ሥር ተነሥተው በሰው ዐይን ትይዩ ያልፉና ሳያርፉ መንጭቀውት ይሄዳሉ። እንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎቶ ያነሣል። እኔ ደግሞ ለሎጁ ማስታወቂያ የሚሆነውን አነሣለሁ። ኑሮዬ ጎንደር ከተማ ሙሽራ ማንሣት ነው። ሙሽራ ቁሚ ስትባል ትቆማለች፤ አሞራ አይቆምም። ገና ነጥብ ሆኖ ሳለ ሌንስ ውስጥ አስገብቶ አብሮት እየዞሩ መቆየት ነው። ዐይኑ ካልጠራ ክንፉ ቢያምርም ፎቶው አይረባም። እውነቱን ለመናገር ሙሽራውን የማነሣው ለእንጀራ ነው፤ ለአሞሮቹ ግን በነጻም እሄድ ነበር።

በተለይ ለሁለቱ። አጥንት ሰባሪ የምንላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ደረታቸው እንደ ዛገ ቆርቆሮ የቀላ፣ ከመንቁራቸው ሥር ጥቁር ጢም የወረደላቸው። ሌላው አሞራ ሥጋውን ጨርሶ ሲሄድ እነሱ አጥንቱን ይዘው ሽቅብ ይወጡና ገደሉ ወገብ ላይ ባለ ሰፊ አለት ላይ ይለቁታል። እስኪሰበር ድረስ እየወረዱ ያነሡታል፣ እየወጡ ይጥሉታል። አለቱን ያገሩ ሰው መፍለጫው ይለዋል። ሴቲቱን እሜቴ ብያታለሁ፣ ወንዱን ባላገሩ። ባላገሩ ቀኝ ክንፉ ላይ ላባ ስለጎደለው ከሩቅ ይታወቃል። ከመፍለጫው ማዶ ባለ ዋሻ ውስጥ አንድ ጫጩት አላቸው። እሜቴ የተሰበረ አጥንት ይዛ ስትገባ ጫጩቱ አንገቱን አስግጎ ሲቀበላት ስንት ጊዜ ቆሜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የወለድሁት ያህል ነው የምሳሳለት። ይኼን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አለ፤ ይሳቅ።

ታድያ በሁዳዴ አጥንት የለም። ጎንደር ላይ ሥጋ ቤቶቹ መጋረጃቸውን ያወርዳሉ፤ የከተማው አሞራ ሳይቀር ተስፋ ቆርጦ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሰደዳል። አያ ወንዴ በደህናው ጊዜ ከማክሰኝት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ባሉ ሥጋ ቤቶች እየዞረ በማዳበሪያ ከረጢት ይሰበስብ ነበር። በጾም ግን የሚያርድ የለም፤ ለአሞራ ብሎ ቢላዋ የሚያነሣ ሰው በዚያ አገር አይገኝም። እሜቴና ባላገሩም በጾሙ ወራት እንደ ወትሯቸው ከገደል የወደቀ ፍየል፣ ያለቀለት በሬ እየፈለጉ ራሳቸውን ያኖራሉ። ይኼን ሁሉ ለፊልጶስ ነገርሁት። ትርኢቱን ለፋሲካ ማግስት አድርገው አልሁት።

«መንገዱ የተከፈተው አሁን ነው» አለኝ። «ከፋሲካ በኋላ ይከፈት አይከፈት አንቺ ትፈርሚልኛለሽ?»

እዚህ ላይ ሐሰት አልተናገረም። እኔም መንገድ ተዘግቶ ስንት ሠርግ ቀርቶብኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን በቦርሳ አንግቼ በሚኒባስ ወጣሁ።

ከአስፋልቱ እስከ ሎጁ በእግር የሚታለፍ መንደር አለ። በሌላ ቀን በዚያ ማለፍ ማለት ዱላ ይዞ ከውሻ ጋር ሲከራከሩ መዋል ነው። ያን ቀን የሚያሳድደኝ አልመጣም። ውሻው ሁሉ በየአጥሩ በገመድ ታስሮ ያላዝናል። እትዬ ጥሩነሽ የምትባል ደንበኛዬ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ምነው ውሻው ሁሉ ታሰረ?»

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነግሮ ነዋ። ጅቡ በረት እየገባ አስቸገረን። ሳምንቱን ከወንዙ በላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ መርዝ የገባበት ጥንብ እየተጣለለት ነው፤ ውሻ ያለው ይሰር ተባለ። አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ከተማ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ፣ ውሻ የለሽ» አለችና ሳቀች።

እዚያ አገር መርዝ በድብቅ አይጣልም። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን ይነገራል፤ ውሻ ያለው ይሰማል፣ ያስራል፣ ልጆቹንም ከዚያ ገደል አፍ ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ እንኳ ከጎረቤቱ ይሰማል። ጅብ በረታቸውን ለገለበጠባቸው ሰዎች ልፈርድባቸው አልችልም፤ ማድረግ የሚችሉትን አድርገዋል፣ ለሁሉም ተናግረዋል። ሰምቼ አለፍሁ፤ ሐሳቤ የጠዋቱ ብርሃን ላይ ነበር።

ሎጁ ስደርስ እንግዶቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ክንድ የሚያህል ሌንስ የያዙ፣ የአሸዋ ቀለም ያለው ሰደርያ የለበሱ፣ ቁርስ ያልጨረሱ። ፊልጶስ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ማይክ ይዞ በመሐላቸው ይንጎራደዳል። አያ ወንዴ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር የሞላ ከረጢት አለ።

«አጥንቱ ተገኘ?» አልሁት ፊልጶስን።

«ሞልቷል። አልነገርሁሽም?»

«ከየት?»

«የትነበርሽ፣ አንቺ ብርሃኑን ተመልከቺ» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

ብርሃኑን ተመለከትሁ። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ገደሉን ወለል አድርጋ አብርታዋለች። ከዚህ የተሻለ አይመጣም።

መጀመሪያ ባላገሩ መጣ። ሥጋ የተንጠለጠለበት ቁራጭ ከቋጥኙ ላይ መንጭቆ ማዶ ካለ ጠርዝ ላይ አረፈና አንገቱን እየነቀነቀ ዋጠው። ከኋላዬ የእንግዶቹ ካሜራ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። ቀጥሎ አያ ወንዴ አንድ ረጅም ቅልጥም ጣለ። እሜቴ ከታች ስትነሣ ገና ነጥብ ሳለች ሌንሴ ውስጥ አስገባኋት፤ አብሬያት ዞርሁ፤ ክንፏን ዘርግታ በፊቴ ስታልፍ ጣቴን አላነሣሁም። ዐይኗ ዙሪያውን ያለው ቀይ ቀለበት ሳይቀር እንደጠራ ታወቀኝ። እንዲህ ያለ ፎቶ በዓመት አንዴ ይገኛል።

ደስ እያለኝ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ያነሣሁትን አየሁ። ዐይኗ ጠርቷል። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጎላሁት። ከጥፍሯ የተንጠለጠለው እግር ሰኮናውም አብሮት አለ። የበሬም የበግም ሰኮና የተሰነጠቀ ነው። ይኼ ድፍን ነው። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ድፍን ሰኮና።

አህያ ነው። አህያ የሚያርድ የለም። የሞተ አህያ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለማን እንደሚጣል የሰማሁት ከጥቂት ጊዜ በፊት ነበር።

«አያ ወንዴ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከወንዙ በላይ፣ ከገደሉ አፍ። ማለዳ ወጥቼ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፊልጶስ ሳትይዝ እንዳትመለስ ብሎኝ ስዞር፣ የተጣለ አህያ አገኘሁ። ታፋው ትንሽ ተሰነጣጥቆ ነበር እንጂ ጅብም አልነካው። ዕድል ነው ብዬ ቆራርጬ በከረጢት ጫንሁት።»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልነበርህም?»

«ማን ለቆኝ? ይኼን ጣውላ ስቸነክር ዋልሁ። ኧረ ሳምንቱን ሁሉ እስከ ዛሬ ማለዳ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም። ምነው?»

ነገርሁት። መጀመሪያ እጆቹን አየ። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረጋቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

ፊልጶስ በማይኩ «አሁን ደግሞ ይቺ አሞራ አጥንት ስትሰብር ታያላችሁ፣ ካሜራችሁን አዘጋጁ» እያለ ነው። አጠገቡ ሄጄ ክንዱን ያዝሁት።

«አስቁም። ሥጋው መርዝ አለበት።»

ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ። እሁድ ተነግሯል።»

«ለእኔ አልተነገረኝም።»

«አንተ መቼ ሄደህ ትሰማለህ? የሚሰማልህንም ሰው በእሁድ ጣውላ ታስቸነክራለህ።»

«እንግዳ ፊት እንዲህ አትሁኚ። አሞራ ጥንብ እየበላ የኖረ ፍጥረት ነው፤ ሆዱ ብረት ይፈጫል። ሂጂ፣ ፎቶሽን አንሺ።» ማይኩን ገለጠና ሳቅ ባለ ድምፅ ካቆመበት ቀጠለ።

ሰው መትቼ አላውቅም። ያን ሰዓት ግን ማይኩን ነጥቄ አናቱን ብለው ነፍሴ ትረካ ነበር። ጊዜ የለኝም። እሜቴ እግሩን ይዛ ሽቅብ እየወጣች ነው። አጥንቱ ሳይሰበር ወደ ዋሻው አታስገባውም፤ ከተሰበረ ግን መጀመሪያ የሚበላው ጫጩቱ ነው። ያለን ዕድል እሱ ብቻ ነው፤ ከመሰበሩ በፊት መፍለጫው ላይ ደርሰን መንጠቅ።

አያ ወንዴ ሳልነግረው ገብቶታል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ቁልቁል ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት። መንገዱ ፍየል የሚሄድበት ነው። ካሜራው ደረቴን ይደበድበኛል፤ ቁልቋሉ ቀሚሴን ይዞ ያስቀረኛል፤ እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው። ከበላያችን የፊልጶስ ድምፅ ይሰማል። «ሠራተኞቻችን ለእናንተ ቦታውን እያመቻቹ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንግዳ እየሞቀ እንዲዝናና ነው የሚላችሁ።

ቅልጥሙ መፍለጫው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ደረሰን። አልተሰበረም፤ እሜቴ ወርዳ አነሣችው። ዳግመኛ ወጣች። እኛ ገና ግማሽ ላይ ነን። ሁለተኛው ሲወድቅ የተሰነጠቀ ነገር ሰማሁና ቆምሁ። አያ ወንዴ ግን አልቆመም። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ጎረምሳ ዘሎ አለቱ ላይ ወጣና ጋቢውን አጥንቱ ላይ ጣለ፤ ራሱም ላዩ ላይ ተንበረከከበት።

እሜቴ ከኛ አጠገብ አረፈች። እንዲያ ቀርቤያት አላውቅም። ክንፏን ግማሽ ዘርግታ፣ ጢሟን አንዠርግጋ፣ በቀይ ዐይኗ አየችን። የቀማናት ሌቦች እንደሆንን ገብቷታል። አንድ ጊዜ ወደ ጋቢው ተራመደች። አያ ወንዴ «ሂጂ እመቤቴ፣ ሂጂ በሞቴ» እያለ ይለምናታል። ከላይ እንግዶቹ «ከፎቶው ውጡ! ተከልላለች፣ ከፎቶው ውጡ!» እያሉ ይጮኻሉ። ድንጋይ አነሣሁና አጠገቧ ወረወርሁ። ያቺን የምወዳትን ፍጥረት በድንጋይ አባረርኋት። ባዶ ጥፍሯን አንጠልጥላ ተነሣች።

ጋቢውን ገልጠን አየን። ቅልጥሙ ተሰንጥቋል እንጂ አልተከፈተም። ሥጋው ውስጥ የተነሰነሰ ጠቆር ያለ ዱቄት ይታያል። አያ ወንዴ መልሶ ጠቀለለው።

«ይቺስ ተረፈች» አለኝ።

ይኼን ገና ሲል ነው ባላገሩ ከተቀመጠበት ጠርዝ የተነሣው። መጀመሪያ ደህና በረረ። ከዚያ አንዱ ክንፉ ታጠፈ፤ ሊያቃናው ሞከረ፤ ተዘቀዘቀ። ላባ የጎደለው ክንፉ ከላይ ሆኖ፣ እየተሽከረከረ፣ በመድረኩ ፊት ለፊት ቁልቁል ወረደ።

ከላይ ጭብጨባ ሰማሁ።

እየወደቀ እንደሆነ አልገባቸውም። የትርኢቱ አንድ ክፍል መስሏቸዋል። ያፏጩም ነበሩ። ፊልጶስ በማይኩ «አያችሁት አወራረዱን?» አለ። ያን ጭብጨባ እስካሁን ስሰማው ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለማወቃቸው እንግዶቹን ይቅር ልበላቸው ይሆናል፤ እሱ ግን አወቀ። ከእነሱ ሁሉ ተለይቶ እሱ ብቻ ምን እየሆነ እንዳለ አውቆ አስጨበጨበ።

ባላገሩን ከመፍለጫው በታች ሣር ላይ አገኘነው። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ጥፍሩ ይንቀጠቀጣል። ስደርስ አንድ ጊዜ አየኝና ዐይኑ ተከደነ። አነሣሁት። ያ ሁሉ ክንፍ ስታቅፉት ቀላል ነው፤ ከሕፃን ብዙም አይከብድም። አያ ወንዴ መርዘኛውን እግር በጋቢው ይዞ ከፊቴ ወጣ።

መድረኩ ላይ ስንደርስ አያ ወንዴ ጋቢውን ለእኔ ሰጠኝና በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ሄደ። ሊቀብረው እየጎተተ ወሰደው። ፊልጶስ «ወዴት ነው? ሁለተኛው ዙር አለ እኮ» አለው። ዞሮም አላየውም።

እኔ ባላገሩን የእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። ክንፉ ተዘርግቶ ከብርጭቆዎቹ አልፎ ወረደ። አንዷ ሴትዮ «ውይ» ብላ አፏን ያዘች። አጠገቧ ያለው ሰው ካሜራውን አነሣና ዐይኔን ሲያይ መልሶ አወረደው።

«ሲወርድ ያጨበጨባችሁለት ይኼ ነው» አልኋቸው። «እየሞተ ነው የወደቀው። የተጣለለት ሥጋ ለጅብ የተመረዘ አህያ ነው።»

ፊልጶስ ተነሥቶ መጣ፤ ፈገግታው ገና አልጠፋም። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ፎቶ አንሺያችን ትንሽ ስሜታዊ ናት። አሞራው አርጅቶ ነበር። መጀመሪያውንም ክንፉ ደህና አልነበረም።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሌላዋ አለች አይደል? ለዛሬ እሷ ትበቃናለች። አሁን ዝም በይ።»

እሜቴ ከራሳችን በላይ እየዞረች ነው። ጫጩቷ ዋሻው ውስጥ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዋን ታሳድገዋለች፤ ይኼ ሰው ደግሞ ለሁለተኛው ዙር ይፈልጋታል። ንዴቴ ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ። ጮክ ብዬ አልተናገርሁም።

«መርዝ የለበትም ነው የምትለው?»

«የለበትም። የባላገር ወሬ ነው» አለ ለእንግዶቹም እንዲሰማ አድርጎ። «እኔ ራሴ ያየሁት ንጹሕ ሥጋ ነው።»

ጠረጴዛው ራስጌ የእሱ ቦታ ነበር። ሳህኑ ላይ የእንቁላል ፍርፍር ቅሪት አለ። ጋቢውን ፈትቼ የአህያውን እግር ከነሰኮናው እንቁላሉ ላይ አስቀመጥሁለት። ቢላዋውን ወደሱ አዞርሁለት።

«ንጹሕ ከሆነ ቅመሰው» አልሁት።

እንግዶቹ ሁሉ ያዩታል። አንድም ካሜራ አልተንጣጣም። ፊልጶስ ሳህኑን አየ፣ እነሱን አየ፣ ቆየት ብሎ እኔን አየኝ። ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገው።

«የትነበርሽ፣ ጾም አይደል እንዴ?» አለኝ።